ሳይክልና የዱር እንስሳ በአንድ ቀን፦ የትኛው ጉዞ ለማን ይሆናል?

እህቴ ከሜሪላንድ ደወለች። ለገና ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ልትመጣ ነው። «ከዘመድ ጥየቃ የተረፈን አንድ ቀን ብቻ ነው» አለችኝ። ልጆቹ ሳይክል ይወዳሉ። እሷ እንስሳ ማየት ትፈልጋለች። ባሏ የሚፈልገው አስጎብኚ ያለበት፣ እሱ ምንም የማያስብበት ጉዞ ነው። «አንተ እዚያው ስላለህ ምረጥልን።»

እዚህ ያለ ሰው ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይታሰባል! ለማንኛውም ሳምንቱን ሙሉ ስልክ ስደውልና ከዚህ በፊት ያስጎበኙኝን ሰዎች ሳስቸግር ሰነበትኩ። ከአዲስ አበባ በቀን ደርሶ መመለስ የሚቻልባቸውን አራት ቦታዎች አወዳደርኩ። ከኬንያም አንድ ጨመርኩ፤ ናይሮቢ ለሥራ የሚመላለስ ወይም ትራንዚት የሚያድር ሰው አይጠፋም።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጠይቁ

ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ «ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የት ነው የምንሆነው?»

አብዛኛው የዱር እንስሳ የሚንቀሳቀሰው ማለዳና አመሻሽ ላይ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥላ ይይዛል። ሳይክል ለሚነዳም ሰው እንደዚያው ነው፤ ከ5 ሰዓት በኋላ ቆላ ላይ ፔዳል መምታት ቅጣት ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ጉዞ ፍሬው ያለው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰዓታት ውስጥ ነው። አዘጋጁ «1 ሰዓት ላይ ቦሌ ተገናኝተን ቁርስ እንበላለን» ካላችሁ፣ ቁርሱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ እንስሳውን ግን እርሱት።

ሌላም ነገር አለ። ሳይክልና የዱር እንስሳ በፎቶ ላይ እንደምናያቸው የተዋደዱ አይደሉም። መኪና ከሩቅ ይሰማል፤ እንስሳውም ይለምደዋል። ሳይክል ግን ድምፅ ሳያሰማ ድንገት ከመታጠፊያው ብቅ ይላል። ድኩላ ደንግጦ ይፈረጥጣል፤ ጎሽ ከሆነ ደግሞ የሚፈረጥጠው ወደ እናንተ ሊሆን ይችላል። ጥሩ አስጎብኚ ከሚያስነዳችሁ ይልቅ የሚያስቆማችሁ ይበዛል። ከመታጠፊያው በፊት ያስወርዳችኋል፤ ሳይክሉን አስደግፎ ሃምሳ ሜትር በእግር ይወስዳችኋል። ስትደውሉ «በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንነዳለን?» ብላችሁ ጠይቁ። «50 ኪሎ ሜትር» ብሎ የሚኮራ ካለ ለስፖርተኞች ጥሩ ሰው ነው። እንስሳ ለሚፈልግ 15 ወይም 20 ይበቃል።

መናገሻ ሱባ ወይስ ቢሾፍቱ?

ሁለቱም ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃሉ፤ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በደቡብ ምሥራቅ። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል።

መናገሻ ሱባ የወጨጫ ተራራን የያዘ ደን ነው። ከ2,200 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ ጫፉ 3,385 ሜትር ይደርሳል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጽድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። ጽዱ፣ ዝግባው፣ ከፍ ሲል ደግሞ ኮሶው አሁንም አለ። እንደዚያ ዓይነት ግዙፍ ጽድ ሥር ሳይክል አቁሞ ውሃ መጠጣት ብቻውን ያስደስታል።

እንስሳው ጉሬዛ ነው፤ በብዛት። ማለዳ ከደረሳችሁ ሳታዩት በፊት ትሰሙታላችሁ። ወንዱ ጎህ ሲቀድ የሚያሰማው ድምፅ ሞተር ለመነሣት ሲያጓራ ይመስላል። የምኒልክ ድኩላም አለ፤ ወንዱ ጠቆር ያለ፣ ከሀገራችን በቀር ሌላ ቦታ የማይገኝ ዓይነት ነው። ዝንጀሮና ከርከሮ ይታያሉ። ነብር አለ ይባላል፤ እውነትም አለ፤ ግን ነብር አያለሁ ብሎ የሚሄድ ሰው ተናዶ ይመለሳል።

ችግሩ ዳገቱ ነው። ከባሕር ወለል አጠገብ የመጣ ሰው በሁለተኛው ቀን 2,600 ሜትር ላይ ዳገት ሲወጣ ሳንባው ይለምነዋል። መፍትሔው ሳይክሎቹን ፒክአፕ ላይ ጭኖ ወደ ላይ መውጣትና ቁልቁል መንዳት ነው። ይህን አስቀድማችሁ ካልተነጋገራችሁ ማንም አያደርግላችሁም። ወደ ደኑ የሚያስገባው መንገድም ያንገጫግጫል፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ። ቀጭን ጎማ ያለው ሳይክል ይዞ መሄድ አይታሰብም።

ቢሾፍቱ ሌላ ዓለም ነው። ከፍታው 1,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ትንፋሽ አያሳጥርም። ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኩሪፍቱ፣ ጨለለቃ እየተባለ ከሐይቅ ወደ ሐይቅ በሳይክል መዞር ይቻላል። ደክሞኛል ያለ ልጅ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ጥብስ ይጠብቃል። እዚህ የሚታየው ግን ወፍ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ይጨመራሉ። ጨለለቃ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለሆነ ውሃው እንደ ወቅቱ ይሞላል፣ ይጎድላል፤ ከጉዞው በፊት ውሃ መኖሩን ማረጋገጥ የአስጎብኚው ሥራ ነው። ለወፍ ግድ የሌለው ሰው ቢሾፍቱን የሳይክልና የምሳ ቀን ብሎ ይያዘው።

ዝቋላ ከዚያ ከሩቅ ይታያል። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ከ60 አንበሳና ከ60 ነብር ጋር የኖሩበት ተራራ ነው። በእሳቸው ዘመን ቢሆን ይህ ሁሉ ንጽጽር ባላስፈለገ ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ፦ በፍጥነት መንገዱ ላይ ሳይክል መንዳት ክልክል ነው። «ከአዲስ አበባ ጀምረን እየነዳን እንሄዳለን» የሚል ካለ የሚወስዳችሁ በአሮጌው መንገድ፣ በሲኖትራክ መካከል ነው። ተዉት። ሳይክሉ በመኪና ይሂድ።

ደብረ ሊባኖስ፦ ዘግይቶ ለሚነሣ

ስለ ማለዳ ያልኩት ሁሉ ለጭላዳ ዝንጀሮ አይሠራም። ጭላዳ የሚያድረው ገደል ላይ ነው። ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣና ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ሣር ሲነጭ ይውላል። ስለዚህ 4 ሰዓት ላይ ብትደርሱም አታጡትም። ቦታው በጎጃም መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የፖርቹጋል ድልድይ የሚባለውም እዚያው ነው። ሳይክሉ ግን ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። ዋናው አስፋልት የጭነት መኪና ይበዛበታል፤ የሚነዳው ወደ ገዳሙ የሚወስደው ቅርንጫፍ መንገድ ብቻ ነው፤ እሱም ስትመለሱ ዳገት ነው። ለጭላዳ ስትሉ ሂዱ፤ ለሳይክል ስትሉ አትሂዱ።

አብያታ ሻላ፦ ሜዳው ጥሩ፣ ርቀቱ መጥፎ

በወረቀት ላይ ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። 887 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ግራር የሞላበት ሜዳ፣ ሁለት ሐይቅ። ሻላ 266 ሜትር ጥልቀት አለው። ዳሩ ላይ ፍል ውሃ ይንፈቀፈቃል። ከበሩ ብዙም ሳትርቁ ሰጎን፣ የሜዳ ፍየልና ከርከሮ ይታያሉ። ዳገት የለም ማለት ይቻላል።

ግን ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ነው። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥታችሁ እንኳ ስትደርሱ ፀሐይ ወጥታለች። የቀን ጉዞ ብለው የሚሸጡት ሰዎች በአብዛኛው 4 ሰዓት ላይ ነው የሚያደርሷችሁ። ሰጎኗ ግራር ሥር ቆማ ታያችኋለች፤ እናንተ ትቃጠላላችሁ። ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ አድራችሁ በማግስቱ ማለዳ ከገባችሁ ግን የተለየ ቦታ ነው። ሐዋሳ ካደራችሁ አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ላይ መላጣውን ትልቅ ወፍ፣ አባ ኮዳን፣ ታያላችሁ ማለት ነው፤ ከተማውም ለጥ ያለ ስለሆነ ለሳይክል የተሠራ ይመስላል።

እሾሁን አትርሱ። የግራር እሾህ ጎማ ይበሳል፤ ፓርክ ውስጥ ደግሞ ጎሚስታ የለም። ለአንድ ሳይክል ሁለት መለዋወጫ ካላማዳሪያ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትነሡ። የአብያታ ዳርቻ ሲያዩት ደረቅ ይመስላል፤ ውስጡ ጭቃ ነው። ውሃው ስለሸሸ ፍላሚንጎ ለማየት ወደ ውስጥ መግባት ያምራል። መኪና የሚሰምጥበት ቦታ ስለሆነ ስካውቱ (የፓርኩ ጠባቂ) «እስከዚህ» ሲላችሁ እዚያው ቁሙ።

ሄልስ ጌት፣ ኬንያ

ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 ፓርክ ሆኖ የተመሠረተ፣ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ የሆነ ትንሽ ቦታ ነው። ከአምስቱ ውስጥ ሳይክልና እንስሳን አንድ ላይ አድርጎ የሚያቀርብ፣ ለዚሁ የተዘጋጀ ይህ ብቻ ነው። ሳይክል በሩ አካባቢ ይከራያል። ከኤልሳ በር ወደ ሸለቆው የሚወስደው መንገድ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሁለቱም በኩል ቀይ ገደል፣ መካከሉ ሜዳ። የሜዳ አህያ ከሳይክላችሁ ፊት መንገድ ያቋርጣል። ቀጭኔ፣ ከርከሮ፣ የሜዳ ፍየል አለ። አንበሳ የሚኖርበት ፓርክ ስላልሆነ ነው ያለ መኪና መግባት የተፈቀደው።

ጎሽ ግን አለ። ብቻውን የቆመ ወንድ ጎሽ ካያችሁ ፎቶ ይቅር። አስጎብኚ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ኦል ንጆሮዋ የሚባለው ጠባብ ሸለቆ ውስጥ መውረድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ሰማዩን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2012 እና በ2019 ድንገተኛ ጎርፍ እዚያ ውስጥ ሰዎች ገድሏል። ላይ ዝናብ ከጣለ፣ አስጎብኚው «ችግር የለም» ቢላችሁም አትውረዱ።

አንድ የሚያስቅ ነገር። በስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጠረው እንደኛው ነው። «ሳ ሞጃ» ማለት 1 ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት ፀሐይ ከወጣች በኋላ ያለው ነው። በእንግሊዝኛ ስትነጋገሩ ግን 7 ይሆናል። ሾፌሩን በየትኛው እንደተቀጣጠራችሁ ደግማችሁ አረጋግጡ።

ሂሳቡ እዚያ ተበጣጥሶ ነው የሚመጣው። የመግቢያ ለብቻ፣ የሳይክል ለብቻ፣ የሸለቆው አስጎብኚ ለብቻ። መግቢያው ለዜጋ፣ ለነዋሪና ለውጭ ሰው የተለያየ ነው፤ በጥሬ ገንዘብም አይከፈልም። «ርካሽ ነው» ከማለታችሁ በፊት ደምሩ።

ከመክፈላችሁ በፊት

ለሀገር ውስጡም መደመሩ ይሠራል። የሚነገራችሁ ዋጋ ሳይክልን፣ ሄልሜትን፣ መኪናን፣ ነዳጅን፣ መግቢያን፣ ስካውትን፣ ምሳና ውሃን ያካተተ መሆኑን በጽሑፍ አስልኩ፤ በቴሌግራም ቢሆንም ይበቃል። የውጭ ፓስፖርት ያለው ሰው መግቢያው ይለያል። ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ያላችሁ ይዛችሁ ሂዱና በሩ ላይ ጠይቁ። የመንገዱን ጸጥታ በዋዜማው ጠይቁ፤ ጉዞው በዚያ ምክንያት ቢቀር ቀብዱ ይመለስ እንደሆነም ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ሳይክሉን ደግሞ ራሳችሁ እዩት። አንድ ጊዜ ከአንድ አከራይ (ስሙ ይቅር) የወሰድኩት ሳይክል ሜዳ ላይ እንደ ቅቤ ይሄድ ነበር። ቁልቁለት ላይ የኋላ ፍሬኑ አልይዝ አለ። የፊቱን ብቻ ብይዝ በአናቴ ልተከል ነው። የጫማዬን ሶል መሬት ላይ እየፈተግኩ ወረድኩ፤ ጫማውም እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ፍሬን ሳልሞክር፣ ማርሹን ሳልቀያይር፣ ካቴናውን በጣቴ ሳልነካ ገንዘብ አልከፍልም።

የሚከተል መኪናም ይኑር። ልጅ ሲደክመው፣ ጎማ ሲተነፍስ፣ ዝናብ ሲመጣ ዋጋው ያኔ ይገባችኋል።

ለእህቴ መናገሻ ሱባን መረጥኩ። ቢሾፍቱን ሳስብ እሷ በወፍ አትረካም። አብያታ ሻላ ለአንድ ቀን ሩቅ ነው። ጭላዳን ባሳያት ደስ ይለኝ ነበር፤ ልጆቹ ግን ሳይክላቸውን ያጣሉ። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እንነሣለን፤ ሳይክሎቹ በፒክአፕ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ከዚያ ቁልቁል። አስጎብኚው 12 ኪሎ ሜትር እንነዳለን ሲለኝ ሰውየውን ወደድኩት።

አሁን የቀረው የትንሹ ልጅ ሳይክል ነው። የአዋቂ ሳይክል ላይ ኮርቻ ዝቅ አድርጎ ማስቀመጥ አያዋጣም፤ እግሩ መሬት ካልነካ ቁልቁለት ላይ ያስፈራል። ቁመቱን በሴንቲ ሜትር ላኪልኝ አልኳት። በፊትና በኢንች ላከችልኝ።