«ኦሪጅናል ነው፣ አብሽር» ተብዬ የገዛሁት ካርቡሬተር

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ በተለይ ቆሞ የከረመ አሮጌ ሞተር ለማስነሳት የምትታገሉ ልጆች፣ ይቺን ሳታነቡ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚሰጠውን ዕቃ) እንዳትገዙ። አሮጌውን ደግሞ ለማንም ትታችሁ እንዳትመጡ። እኔ ሁለቱንም አድርጌ ተቃጥያለሁ።

ሞተሯ የአባቴ ናት፣ ሆንዳ ኤክስኤል 125። ኩታበር ድረስ በጭቃ ሲመላለስባት ነው ያደግኩት። ጥቅምት 2014 ከደሴ ስንወጣ ከነቤንዚኗ እቃ ቤት ቆልፌባት ሄድኩ። ስንመለስ ስንቱ ነገር ጠፍቶ እሷ ተርፋ ጠበቀችን። ግን ያኔ ለሞተር ማን ጊዜ ነበረው? ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆመች።

ባለፈው ክረምት ካንዴላ ቀየርኩላት፣ አሮጌውን ቤንዚን ከታንከሩ ደፋሁ፣ ተነሳች። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ችግሩ ሚኒሞ አትይዝም፣ ጋዝ ካልሰጠኋት ትጠፋለች። ቾክ (አየሩን ቀንሶ ቤንዚን የሚያበዛውን) ስስብላት ትሠራለች፣ ቾኩን ስመልሰው ትንተፋተፍና ትጠፋለች። ቧንቧ ውሃ ሰፈር ጋ ሦስት ጊዜ ቀጥ ብላብኝ ከኋላዬ ባጃጅ ሁሉ ጥሩምባ ሲነፋ፣ ነገ መለዋወጫ ቤት እሄዳለሁ አልኩ።

ሄድኩ። ሰውዬው ሳይከፍታት፣ ድምጿን ብቻ ሰምቶ፣ «ካርቡሬተሩ አርጅቷል፣ ይሄ አይጠገንም» አለኝ። ኬሂን የሚል የጃፓን ካርቡሬተር ስም የተጻፈበት ካርቶን አመጣ። 6,500 ብር። «ኦሪጅናል የጃፓን ነው፣ አብሽር። አሮጌውን ከተውክልኝ 1,000 ብር እቀንስልሃለሁ።» ተውኩለት። ደረሰኝም አልጠየቅኩም። እስካሁን የሚያንገበግበኝ ያ 1,000 ብር ነው።

የመጀመሪያው ቀን ደህና ነበረች። በማግስቱ ጠዋት ሥሯ ቤንዚን ተንጠባጥቦ አገኘሁ። ካንዴላውን ስፈታው ጥላሸት ለብሷል። ጋዝ ስለቅ አንዴ ከፍ ብላ ትጮሃለች፣ አንዴ ድርግም ትላለች፣ ማስተካከያውን ብሎን ባዞረው ባዞረው ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ድምፅ አልሰጥ አለችኝ። የገረመኝ ግን የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ስደርስ የተሻለች መሆኗ ነው።

እዚያው ኮምቦልቻ አንድ የቆዩ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። «ልጄ፣ ኮምቦልቻ የምትተነፍስ ደሴ የምትታፈን ከሆነ ቤንዚን በዝቶባታል» አሉኝ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት። እዚያ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ለቆላ የተመጠነ ጄት (ቤንዚን የሚመጠንባት ቀዳዳ ያላት ትንሽ ብሎን) ደሴ ላይ ለትንሽ አየር ብዙ ቤንዚን ይለቃል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትል ትንሽ ፋታ ታገኛለች። ደህና ካርቡሬተር ላይ ይሄን በጄት ቁጥር ማስተካከል ይቻላል። የእኔው ሲከፈት ግን ጄቶቹ ላይ ቁጥር የሚባል ነገር የለም። ከጋዙ ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚሄደው ቫልቭ ቤቱ ውስጥ ይወዛወዛል፤ ሚኒሞው አንድ ቦታ ያልረጋው ለዚህ ነው። ቤንዚኑን የምትዘጋዋ መርፌ በደንብ አትገጥምም። የብሎኑ ጭንቅላት ገና ካቻቢቴ ሲነካው ተላጠ። ፎርጅድ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ከዚያ መካኒኩ ካርቡሬተሩንና ሞተሩን የሚያገናኘውን ጎማ የሳሙና ውሃ አርከፈከፉበት። ወዲያው ድምጿ ተለወጠ። ጎማው ተሰንጥቆ አየር እያስገባ ኖሯል! «ቾክ ሲሳብ የምትሠራ ከነበረ ቤንዚን አንሷት ወይ አየር በዝቶባት ነው። አሮጌው ካርቡሬተርህ ትንሿ ጄት ብቻ ትሆናለች የተደፈነችው፣ ቤንዚን ደርቆባት። ለምን ሰጠኸው?» መልስ አልነበረኝም።

እና እባካችሁ፣ ሞተራችሁ ሚኒሞ ካልያዘች ብራችሁን ከማውጣታችሁ በፊት መጀመሪያ ያንን ጎማ እዩ። በሳሙና ውሃ ሞክሩት እንጂ ቤንዚን እንዳትረጩ፣ የጋለ ሞተር ላይ እሳት ነው። ቀጥሎ የቤንዚን መዝጊያውን ዝጉና የካርቡሬተሩን ጎድጓዳ (ከሥሩ ቤንዚን የሚጠራቀምበትን) ፍቱት፤ ዝቃጭና ውሃ ካለ እዚያ ታገኙታላችሁ፣ በተለይ ቤንዚን በሃይላንድ የምትገዙ። ትንሿን፣ የሚኒሞዋን ጄት አውጡና ወደ ብርሃን አንሱ። ብርሃን ካላሳለፈች ተደፍናለች። በመርፌ ወይ በሽቦ እንዳትጎረጉሯት፣ ቀዳዳዋ ከሰፋ አለቀላት። ቤንዚን ውስጥ አሳድሯትና ጎሚስታ ቤት በኮምፕሬሰር አስነፏት። የማስተካከያ ብሎኑን ከመፍታታችሁ በፊት እስኪዘጋ ስንት ዙር እንደሄደ ቆጥራችሁ ጻፉ። ብዙ ጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ዙር ነው። ስታስተካክሉ ሞተሯ ሞቃ ይሁን፣ ቀዝቃዛ ላይ የተስተካከለ ሚኒሞ መንገድ ላይ ይከዳችኋል።

የግድ አዲስ መግዛት ካለባችሁ ሱቁ ውስጥ አስከፍቱት። ጄቶቹ ላይ ቁጥር ፈልጉ፣ ቫልቩን ነቅንቁት፣ ጽሑፉ የደበዘዘና ጠርዙ ሻካራ ከሆነ ተዉት። ደረሰኝ ካልሰጡ ውጡ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀን ውስጥ መልሶ ማስቀየር ወይም ገንዘብ ማስመለስ መብታችን ነው፣ ግን ደረሰኝ የሌለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል? እኔ በስድስተኛው ቀን ወደ ሱቁ ስመለስ «ከተነካካ አይመለስም» ተባልኩ። አሮጌውን መልሱልኝ ስል ደግሞ «ተሽጧል»።

አሁን ጎማውን ቀይሬ፣ ያገለገለ ግን ትክክለኛ ካርቡሬተር እያፈላለግኩ ነው። የአባቴ ካርቡሬተር ጎድጓዳው ላይ በሚስማር የተጫረች «አ» አለችው፣ እሱ ራሱ ነው የጫራት። ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ እጃችሁ የገባ ወይም ሱቅ ውስጥ ያያችሁት ካለ ንገሩኝ፣ የገዛችሁበትን ከፍዬ እወስደዋለሁ።