ያገለገለ ፕሪንተር፦ ካኖን ጂ ወይስ ኤፕሰን ኤል?

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲል ስልኬ አያርፍም። "ያገለገለ ፕሪንተር አገኘሁ፤ ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?" የማይለኝ ጓደኛ የለም። እስካሁን ሦስት አሮጌ ፕሪንተር ቤት ውስጥ ፈትቼ ገጥሜያለሁ። አራተኛውን ፈታሁት፤ መግጠሙ አልሆነልኝም። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። በሳምንት አሥር ሃያ ገጽ ለሚያትም ቤት ያገለገለ ካኖን ጂ2000 ወይም ጂ3000 ይሻላል። ኤፕሰን ኤል መጥፎ ሆኖ አይደለም። ፎቶ ላይማ በተለይ ባለ ስድስት ቀለሙን ኤል805 ካኖን አጠገቡም አይደርስ። ግን ኤፕሰን በየቀኑ ለሚያሠራው ሰው ነው።

ባለካርትሪጁን ቶሎ ልለፈው። ያገለገለ ኤችፒ ዴስክጄት 5,000 ብር ሲባል ልብ ይሰልባል። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። 123 የሚባለው ጥቁር ካርትሪጅ በአምራቹ በራሱ ስሌት 120 ገጽ ነው የሚያወጣው። ባለፈው ስጠይቅ 3,200 ብር አሉኝ። አካፍሉት፤ አንዱ ገጽ ከ26 ብር በላይ ነው። ሰፈሬ ያለው ፎቶ ኮፒ ቤት በ10 ብር ያትምልኛል።

ባለታንከሮቹ ጋ፣ ማለትም ቀለም ከጠርሙስ የሚሞላባቸው ካኖን ጂና ኤፕሰን ኤል ጋ፣ ሒሳቡ ሌላ ነው። የኤፕሰን 103 ጥቁር ጠርሙስ 4,500 ገጽ፣ የካኖን 490 ጥቁር ደግሞ 6,000 ገጽ ተብሎ ነው የሚሸጠው። ግማሹን እንኳ ብታገኙ ገጹ ከአንድ ብር በታች ነው። ስለዚህ በቀለም ዋጋ አትከራከሩ፤ ሁለቱም ርካሽ ናቸው።

የማሽኑ ዋጋ ግን ያከራክራል። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አዲሱን መጠየቅ ራሱ ያስፈራል። ለእኔ በቅርቡ የተጠራልኝ፣ ያገለገለ ካኖን ጂ2000 14,000፣ ያገለገለ ኤፕሰን ኤል3110 ደግሞ 19,000 ብር ነበር። "ለምን 5,000 ብር በለጠ?" ስለው ሻጩ "ኤፕሰን ተፈላጊ ነዋ!" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተፈላጊ ነው። እኔ ግን የማስበው ሄዱ፣ ማለትም ቀለሙን ወረቀቱ ላይ የሚረጨው ክፍል፣ የተበላሸ ቀን የማወጣውን ነው።

የኤፕሰን ሄድ ማሽኑ ውስጥ የተገጠመ ነው። ቀለሙን የሚገፋው በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ ክሪስታል ስለሆነ ሙቀት የለውም፤ በደንብ ከተያዘ ብዙ ዓመት ይሠራል። ከደረቀ ግን በእጅ መዝዛችሁ አታወጡትም። በሲሪንጅና በቀጭን ቱቦ ትንሽ ትንሽ ውሃ መግፋት ይቻላል። እጃችሁ ትንሽ ከጠነከረ ግን አለቀ። አዲስ ሄድ ጠይቃችሁ ዋጋውን ስትሰሙ ሌላ ያገለገለ ፕሪንተር መፈለግ ትጀምራላችሁ።

ካኖን ቀለሙን የሚተኩሰው አፍልቶ ነው። ስለዚህ ሄዱ ያልቃል፤ ይህን አልደብቅም። ግን ሁለት ሄድ ነው ያለው፣ አንዱ ለጥቁር፣ አንዱ ለከለር። ክሊፑን ታነሳላችሁ፣ ሄዱ እጃችሁ ላይ ነው።

ይቺ ነገር እኛ ቤት ለምን ትልቅ ነገር እንደሆነች ልንገራችሁ። መብራት ይሄዳል። ፕሪንተር በቁልፉ ሲጠፋ ሄዱን ወደ ጥግ ወስዶ ይከድነዋል። መብራት መሀል ላይ ሲሄድ ግን ሄዱ እንደተራቆተ ይቀራል። በአዲስ አበባ የበጋ አየር አንድ ሌሊት ማደሩ ለቀለም ብዙ ነው። ማሽኑን ከማከፋፈያው የሚያጠፋ ሰውም ያው ራሱ መብራት እንደሄደበት ነው። ከቁልፉ አጥፉ! መብራት ሲመለስ አንዴ አብሩና ወደ ቦታው ይመለስ።

ባለፈው ክረምት የእኔ ካኖን ሁለት ወር ሳይነካ ከረመ። ሰማያዊው ጭራሽ ጠፋ። የከለሩን ሄድ አወጣሁ። ሶፍት አጥፌ ሳህን ላይ ዘረጋሁ፣ ለብ ያለ ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ጠብ ጠብ አደረግሁበት፣ ሄዱን አፉን ወደ ታች አድርጌ አስቀመጥኩት። መዳብ መዳብ የሚመስለውን ክፍል አልነካሁም፤ እሱ ከረጠበ ሌላ ጣጣ ነው። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ሳነሳው ሶፍቱ ላይ ሮዝና ቢጫ መስመር ብቻ አለ። ሶፍት ቀየርኩ። ሦስተኛው ላይ ከጎን የቀጠነች ሰማያዊ መስመር ብቅ አለች። አራተኛው ላይ ሦስቱም እኩል ሆኑ። ወጪዬ ውሃና ሶፍት ነው። (ዲስቲልድ ውሃ ነዳጅ ማደያ ስትገዙ ጠርሙሱን አንብቡ። ለባትሪ የሚሸጥ አሲድም እዚያው አጠገቡ ይደረደራል።)

ክሊኒንግ የሚለውን፣ ማሽኑ ቀለም እየሳበ ሄዱን ራሱ እንዲያጸዳ የሚያዘውን፣ ደጋግሞ መጫን ግን የሰነፍ ጥገና ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ አልጫንም። የሚጠባው ቀለም የትም አይጠፋም፤ ማሽኑ ሆድ ውስጥ ያለው ስፖንጅ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ ደግሞ ይቆጥራል። ቆጠራው ሲሞላ ካኖን 5ቢ00 ብሎ ይቆማል፤ ኤፕሰንም መብራቱን እያብለጨለጨ አልሠራም ይላል። ሁለቱም በሶፍትዌር ሪሴት ይደረጋሉ፤ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል ማለት ነው። በነፃ የሚወርደው ፕሮግራም ብዙውን ጊዜ ቫይረስ ይዞ ይመጣል፤ የልጆች ፎቶ ያለበት ላፕቶፕ ላይ አትሞክሩት።

ሪሴት ቁጥሩን እንጂ ስፖንጁን አያደርቅም። ይህን የተማርኩት በገንዘቤ ነው። የመጀመሪያውን ባለታንከር የገዛሁት መርካቶ ነበር። የማሽኑን ስም ልተወው፤ ጥፋቱ የሻጩ እንጂ የማሽኑ አይደለም። ሻጩ ፊት ለፊቴ አትሞ አሳየኝ፤ ያማረ ገጽ ነው። ቆጣሪውን በዚያው ጠዋት ዜሮ እንዳደረገው በኋላ ነው የገባኝ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥሩ ጥቁር ቀለም ወጥቶ ባለቤቴ በእጇ የሠራችውን ዳንቴል አበላሸው። ዳንቴሉ በበረኪናም አልለቀቀም። እስካሁን ይነሳብኛል።

የካኖን ድካም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቀለም ሳይኖረው ካተመ ሄዱ ይቃጠላል፤ የሚያቀዘቅዘው ራሱ ቀለሙ ነውና። ቀለሙ ወደ ታችኛው መስመር ሳይወርድ ታንከሩን ሙሉ። ሁለተኛ፣ የሄድ አስመሳይ ገበያው ላይ ሞልቷል። አንዴ በ2,000 ብር "ኦሪጅናል" ተብዬ የታሸገ ገዛሁ። ቤት ስከፍተው መዳቡ ላይ የመፋቅ ምልክት አለው፤ ከሌላ ማሽን ወጥቶ የታጠበ ነው። ቢጫ ሲያትም አረንጓዴ ይወጣል። አሁን ሳላስከፍት አልከፍልም።

ቀለምም እንደዚያው ነው። የካኖን ጂ ጥቁር ፒግመንት (ውሃ ውስጥ የማይሟሟ ቀለም) ነው፤ ከለሮቹ ዳይ (የሚሟሟ) ናቸው። "ለሁሉም ይሆናል" የሚባለውን ርካሽ ጥቁር ብትጨምሩበት ጽሑፉ ውሃ ሲነካው ይፈሳል፤ ከነበረው ጋር ከተደባለቀ ደግሞ ሊረጋና ሊደፍን ይችላል። በጠርሙስ ጥቂት መቶ ብር ለማትረፍ ሄድ አይከፈልም።

የመታወቂያ ካርድና የጉርድ ፎቶ ሥራ ካላችሁ የጻፍኩትን እርሱት፤ ኤል805 ግዙ። የፕላስቲክ ካርድ ማስገቢያ ትሪ ይቀበላል፣ በየቀኑ ስለሚሠራም አይደርቅም።

ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ወረቀትና ሶፍት ያዙ። ማሽኑ ሞቆ ከጠበቃችሁ ቀድሞ ተጠርጎ ነው፤ ጠፍቶ ይቆይና እናንተ ፊት ይብራ። ኖዝል ቼክ (የትኛው ቀለም እንደጠፋ የሚያሳይ የሙከራ ገጽ) አስወጡ፤ ከዚያ አንድ ሙሉ ገጽ ሰማያዊ፣ አንድ ሙሉ ገጽ ጥቁር። መሀል ላይ እየሳሳ ከሄደ ቱቦው ውስጥ አየር አለ ወይም ሄዱ ደክሟል፤ 3,000 ብር አስቀንሱ። በመጨረሻ ከኋላ ትንሽ ቀና አድርጉትና ሥሩን በሶፍት ጥረጉት። ሶፍቱ ቀለም ይዞ ከወጣ "ዞሬ እመጣለሁ" ብላችሁ ሂዱ።