በሞዴል ገበሬ ወይስ በደቦ?

በአራት ኪሎና በፒያሳ አዳራሾች ስለ ገጠር ለውጥ በተነጋገርን ቁጥር «ገበሬው ግንዛቤ ይጎድለዋል» የሚለው አባባል ይቀናናል፤ እኔ ግን ዋናው እንቅፋት በፍርሃትና በይሉኝታ ውስጥ እንዳለ አምናለሁ። ጤፍን በመስመር መዝራትን እንመልከት። በብተና በሄክታር ከ25 እስከ 50 ኪሎ ዘር መዝራት የለመደ ሰው 5 ኪሎ ይበቃሃል ሲባል፣ ተራርቆ የበቀለ ጤፍ የተሻለ እንደሚያቆጠቁጥ ቢነገረውም እንኳ፣ ለዓይኑ የሚታየው ባዶ መሬት፣ የጎረቤት ትዝብትና የጎደለ ጎተራ ነው።

ይህን ፍርሃት አልፎ አዲስ አሠራር ለማስለመድ በግብርና ኤክስቴንሽን (ለገበሬው ምክርና ሥልጠና በሚሰጠው) ሥርዓታችን የተለመደው አማራጭ ጥቂት ሞዴል ገበሬዎችን መርጦ ሌላው የእነርሱን ፈለግ እንዲከተል ማድረግ ነው። ፈጣን ነው፤ ውጤቱም በማሳ ላይ ይታያል። ሆኖም የሚመረጡት ብዙ ጊዜ የተሻለ መሬትና በሬ ያላቸው ስለሆኑ፣ ድሃው «እሱ ቢከስርም ይችለዋል» ብሎ ያልፋቸዋል።

ሁለተኛው አማራጭ በደቦና በዕድር በኩል መግባት ነው። ይህ ይዘገያል፤ ሽማግሌዎች ካልተስማሙ ሊቆም፣ የሴቶችና የወጣቶች ድምፅም ሊዋጥበት ይችላል፤ ይህም ቀላል ጉድለት አይደለም። ነገር ግን በመስመር መዝራት ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ደቦው ሸክሙን ያቃልላል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሁሉም በአንድ ጥማድ መሬት ላይ አብረው ከሞከሩ፣ ሙከራው ባይሳካ እንኳ ማንም ለብቻው መሳለቂያ አይሆንም። ስለዚህ የልማት ሠራተኛው ማሳያ ማሳ ከመምረጡ በፊት ዕድሩን ቢያማክር፣ ሴቶችንም ለየብቻ ቢያነጋግር እመርጣለሁ።