ደርቲ ዳንሲንግ፦ ከሦስቱ አልበሞች የቱን ልግዛ?

"ደርቲ ዳንሲንግ" የተሰኘውን ፊልም ሙዚቃ ልግዛ ያለ ሰው ስማቸው የሚመሳሰል ሦስት አልበሞች ይገጥሙታል። ብዙዎች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው፤ የወደዱት ዘፈን የሌለበትን ይዘው ይገባሉ። የፊልሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ቤቢ ሐብሐቡን ታቅፋ ሠራተኞቹ የሚጨፍሩበት ቤት ስትገባ የሚሰማው የኮንቱርስ "ዱ ዩ ላቭ ሚ" በመጀመሪያው አልበም ላይ የለም። በዳንስ አስተማሪው በጆኒ ክፍል ውስጥ እሱና ቤቢ ሲደንሱ የሚሰማው የሰለሞን በርክ "ክራይ ቱ ሚ"ም የለበትም።

እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የመጀመሪያው አልበም 12 ዘፈኖች አሉት። ፊልሙ በ1963 ክረምት የሚካሄድ ታሪክ ቢሆንም ከእነዚህ ውስጥ የዱሮዎቹ ቅጂዎች 5 ብቻ ናቸው፤ የቀሩት እንደ ኤሪክ ካርመን "ሃንግሪ አይስ" እና ፓትሪክ ስዌይዚ ራሱ እንደዘፈነው "ሺዝ ላይክ ዘ ዊንድ" በ80ዎቹ ድምፅ የተሠሩ ናቸው። ይህን ቅልቅል የማይወድ ሰው አለ። እኛ ግን አልበሙ በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ 18 ሳምንት አንደኛ ሆኖ የቆየው በዚሁ ቅልቅል ይመስለናል።

በ1988 የተከተለው "ሞር ደርቲ ዳንሲንግ" "ዱ ዩ ላቭ ሚ" እና "ክራይ ቱ ሚ"ን ይዟል። "ጆኒስ ማምቦ" እና "ሜሬንጌ"ም ስላሉበት ዳንስ ለሚያስተምር ሰው ይጠቅማል። የፊልሙን የመጨረሻ ዳንስ ዘፈን "ዘ ታይም ኦቭ ማይ ላይፍ"ን ግን በመሣሪያ ብቻ ነው የያዘው፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ለሌለው ሰው ለብቻው አይበቃም።

በ2003 የወጣው "አልቲሜት ደርቲ ዳንሲንግ" ዘፈኖቹን ፊልሙ ላይ በመጡበት ቅደም ተከተል ደርድሯቸዋል። ፊልሙን ለሚወድና አንድ ብቻ ለሚገዛ ምርጫችን ይህ ነው።

ሸክላ የሚፈልግ ግን ወደ 1987ቱ ይሂድ። ቢል ሜድሊና ጄኒፈር ዋርንስ የዘፈኑት ይኸው የመጨረሻው ዳንስ ዘፈን የአንደኛው ገጽ መጀመሪያ ነው፤ መርፌው ሰፊውን ዙር ስለሚሄድ ድምፁ ጥርት ይላል። ችግሩ፣ መርፌ በየጊዜው የሚያርፈውም እዚያው ላይ ነው። ያገለገለ ሸክላ ሲገዙ መብራት ሥር ዘንበል አድርገው የዳር ዳሩን ይዩ። ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ መርፌውን ያዘልለዋልና ይተዉት። ከዱሮዎቹ ዘፈኖች አንዱ በሆነው "ቢ ማይ ቤቢ" ላይ ድምፁ ከመሐል ብቻ ቢመጣ ግን አይደንግጡ፤ ፕሮዲውሰሩ ፊል ስፔክተር በሞኖ (ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር) ያዘጋጀው ነው፣ ማጫወቻዎ አልተበላሸም።

በካሴት ከሆነ ክሩን ድምፁን ወደሚያነበው የቴፑ ጭንቅላት ("ሄድ") የምታስጠጋውን ትንሽ ስፖንጅ ይፈትሹ። ሙጫዋ በዕድሜ ይለቅና ስትወድቅ ድምፁ ይታፈናል። ካሴቱ ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ከሆነ ከማጫወትዎ በፊት አንዴ እስከ መጨረሻው አጠንጥነው ይመልሱት።

በኢንተርኔት ለሚገዛ ዋናው ነገር የዘፈኑን ርዝመት ማየት ነው። የመጨረሻው ዳንስ ዘፈን ሙሉው ወደ 6 ደቂቃ ከ47 ሰከንድ ነው፤ ለሬዲዮ የተቆረጠው 5 ደቂቃ አይሞላም። ጆኒ ቤቢን ወደ ላይ የሚያነሳበትን እንቅስቃሴ ለሠርግ የሚለማመዱ ጥንዶች ልምምዱን የጀመሩበትን ቅጂ ራሱን ለዕለቱ ይስጡ፤ በሙሉው ተለማምዶ በአጭሩ የሚደንስ ሰው ማንሻው ቦታ ያመልጠዋል። የዘፋኞቹን ስምም ያንብቡ፦ ሜድሊና ዋርንስ ካልተጻፈበት ሌሎች እንደገና የዘፈኑት ነው።