ኢንፍሊክሲማብ ወይስ አዳሊሙማብ? ለክሮንስ ታማሚ ወጣት

ኢንፍሊክሲማብና አዳሊሙማብ ለክሮንስ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ ለሚቆይ የአንጀት ቁጣ በሽታ፣ የሚሰጡ መድኃኒቶች ናቸው። ሁለቱም የአንጀት ቁጣን የሚያባብሰውን ቲኤንኤፍ የተባለ ፕሮቲን ያግዳሉ። የሚለያዩት በአሰጣጣቸው ነው።

ኢንፍሊክሲማብ በጤና ተቋም በደም ሥር ይሰጣል፦ መጀመሪያ፣ በ2ኛውና በ6ኛው ሳምንት፣ ከዚያ በየ8 ሳምንቱ፤ መጠኑ አብዛኛውን ጊዜ ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 5 ሚሊግራም ነው፤ አሰጣጡ 2 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የትምህርት ወይም የሥራ ቀን ይወስዳል፤ አለርጂ ቢነሳ ግን ባለሙያ አጠገብ አለ።

አዳሊሙማብን ታማሚው ራሱ በየ2 ሳምንቱ ጭኑ ወይም ሆዱ ላይ ይወጋል፤ የተለመደው መጠን 40 ሚሊግራም ነው። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ፍሪጅ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ይጣላል። ከመወጋት በፊት ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ውጭ ማቆየት ሕመሙን ያቀልላል። ትልቁ ስሕተት ሲሻል መዝለል ነው፦ ሰውነት መድኃኒቱን የሚቃወም ፀረ እንግዳ አካል ያመነጭና መድኃኒቱ ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ቀን ለሚረሳ ሰው ኢንፍሊክሲማብን እንመርጣለን።

ሁለቱም ከመጀመራቸው በፊት የቲቢና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ የግድ ነው።