ሀርድቶፕ፣ ፕራዶ ወይስ ደብል ጋቢና? ከሥር «ጓ» የሚል መኪና ከመግዛታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው የሚኖረው። ሰሞኑን ያገለገለ ፎር ዊል ሊገዛ ደብረ ብርሃን መጥቶ ሦስት መኪና አየ። አንድ ሀርድቶፕ፣ አንድ ፕራዶ፣ አንድ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ። ሦስቱም ሲነሱ ከሥር «ጓ» ይላሉ። ሦስቱም ሻጮች ደግሞ ተነጋግረው የመጡ ይመስል አንድ መልስ ሰጡት፤ «እሷ ክሮቼራ ናት፣ ቀላል ነው።» ካርዳን የካምቢዮውን (የማርሽ ሳጥኑን) ዙር ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ነው፤ ክሮቼራ ደግሞ የካርዳኑ መገጣጠሚያ ላይ ያለው መስቀል ቅርፅ ያለው ዕቃ ነው። ማታ ደውሎ የትኛውን ልግዛ አለኝ።

ይቺ መልስ እኔን ብዙ ገንዘብ አስወጥታኛለች። ከጥቂት ዓመት በፊት የገዛሁት ሃይሉክስ እንዲሁ ጓ ይል ነበር። ክሮቼራ አስቀየርኩ፣ ድምፁ አልጠፋም። «ዕቃው ጥሩ አልነበረም» ተብሎ እንደገና ተቀየረ፣ አሁንም ጓ። በመጨረሻ አንድ አዛውንት መካኒክ ከሥር ገብተው ካርዳኑ ዲፈረንሻሉ (ዙሩን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያካፍለው) ላይ የሚታሰርበትን ጫፍ በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ ላይ ወደ ታች ገፉት። ተንቀሳቀሰ። «ልጄ፣ ክሮቼራህ ደህና ነው፣ ያለቀው የፒኞኑ ኩሽኔታ ነው» አሉኝ። ፒኞን ካርዳኑ ዲፈረንሻሉ ውስጥ የሚያዞረው ጥርስ ነው፣ ኩሽኔታው ደግሞ ሳይነቃነቅ እንዲዞር የሚይዘው ክብ ዕቃ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ሰው «ክሮቼራ ናት» ሲለኝ ሥር ሳልገባ አላምንም።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የብዙ ሰው ዓይን ያገለገለው ላይ ነው። ስለዚህ ጓ ያለውን ሁሉ እየተዋችሁ አትዘልቁትም። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ ግን አንዱ ዋጋ ማስቀነሻ ይሆንላችኋል፣ ሌላው ጥላችሁት እንድትሄዱ ያደርጋችኋል።

መጀመሪያ ለሦስቱም የሚሠራውን ልንገራችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ፣ ጎማው ላይ ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጉ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ዜሮ ማርሽ ላይ አድርጉት። በክሪክ ብቻ የተነሳ መኪና ሥር በጭራሽ እንዳትገቡ። ከዚያ ካርዳኑን ይዛችሁ ግራና ቀኝ አዙሩት። ትንሽ ዙር ይኖረዋል፣ ያ የዲፈረንሻሉ ጥርሶች ክፍተት ነው፣ አያስደነግጥም። ክሮቼራው ጋ ግን እሱን በያዙት ሁለት ሹካዎች መካከል ለብቻው የሚላወስ ነገር ካያችሁ አልቋል ማለት ነው። ዙሪያው ላይ ቀይ የዝገት ዱቄት ካለ ደግሞ ግራሶ ካየ ቆይቷል። ቀጥላችሁ አዛውንቱ ያደረጉትን አድርጉ፤ ጫፉን ወደ ላይ ወደ ታች ግፉት። ዞሮ መላወሱ ይፈቀድለታል፣ ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቁ ግን አይፈቀድም። እሱን ካያችሁ ዲፈረንሻሉ ይከፈታል።

ኮፈኑን ከፍታችሁ የሞተር ሱፖርቶውንም (ሞተሩን ከሥር የሚይዘውን ላስቲክ) እዩ። ሰው ፍሬን ረግጦ ማርሹን ወደፊትና ወደኋላ ሲያስገባ ሞተሩ ከቦታው ዘሎ ከተመለሰ ድምፁ የሱ ሊሆን ይችላል። እናንተ ከጎን ቁሙ፣ ከፊት አይደለም።

አሁን ወደ መኪኖቹ።

ሀርድቶፕ የላንድክሩዘር 70 ዘር ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ የነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ያለው ረጅሙ፣ 78 የሚባለው፣ ከፊት ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ) ከኋላ ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ቅጠል) ነው። ይህ መኪና ጉድለቱን አይደብቅም። ከሥሩ ቦታ አለ፣ ሁሉም ነገር ይታያል፣ እጅ ይገባል። ጓ ካለ በአብዛኛው ወይ ክሮቼራው ነው፣ ወይ የባሌስትራው ጎሚኒ (ላስቲኩ) ነው፣ ወይ ባሌስትራውን ከአክስሉ (ግራና ቀኝ ጎማውን ከሚይዘው) ጋር የሚያስረው የዩ ቅርፅ ያለው ብሎን ላልቷል። ሦስቱም እዚሁ ደብረ ብርሃን የሚሠሩ ናቸው። የሚያስፈራው የፊቱ ነው። በሁለት ጎማ ስትነዱት የፊት ጎማው መሐል ላይ ያለው ቁልፍ ስለሚፈታ የፊቱ አክስል ጭነት አይሸከምም፣ ስለዚህ ቢያልቅም ድምፅ አይሰጥም። ሻጩ አስፋልት ላይ አንሸራሽሯችሁ ከመለሳችሁ ግማሹን መኪና ብቻ ነው የፈተሻችሁት። ቁልፉን አስራችሁ፣ ፎር ዊል አስገብታችሁ፣ ጠጠር ላይ መሪውን እስከ ጥግ አዙራችሁ በቀስታ ንዱት። ቀጭ ቀጭ ካለ የፊት መገጣጠሚያው አልቋል። ከፊት ጎማው ኋላ ያለው ክብ ኳስ ላይ ቀጭን ዘይት ከግራሶ ጋር ተቀላቅሎ ሲንጠባጠብ ካያችሁ ደግሞ የውስጡ የላስቲክ ማኅተም ተቀዷል፣ የዲፈረንሻሉ ዘይት እየወጣ ግራሶውን እያጠበው ነው።

ፕራዶ ሌላ ታሪክ ነው። እዚህ ብዙ የምናየው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው፣ 120 የሚባለው ሞዴል፣ አብዛኛው ሁልጊዜ በአራት ጎማ ነው የሚሄደው፣ መሐል ላይ ዙሩን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍል ሦስተኛ ዲፈረንሻል አለው። ይህ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ ዲፈረንሻሉ ስለሚበዛ ክፍተቱም ይደማመራል፤ ነዳጅ ስትለቁና መልሳችሁ ስትረግጡ ትንሽ «ጢክ» ማለቱ ከሀርድቶፕ ይልቅ የተለመደ ነው። ሁለተኛ፣ የፊቱ አክስል ሁልጊዜ ስለሚሠራ ከፊት ያለው ጉዳት ገበያ ውስጥ ስትዞሩም ይሰማል። ለገዢ ይህ ጥሩ ነው። መጥፎው፣ ፕራዶ ምቹ ስለሆነ ድምፁን ያፍነዋል፤ ጎማው ትልቅ፣ ውስጡ ዝምተኛ፣ ሬዲዮው ክፍት። ሬዲዮውን ዝጉ፣ መስኮቱን ክፈቱ።

ፕራዶ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ድምፅ አለ። ስትቆሙ ወይም ከቆማችሁበት ስትነሱ ከኋላ አንድ ሰው በጫማው እንደገፋችሁ ዓይነት «ድም» ይላል። ሰው ካምቢዮ ነው ብሎ ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ ግን ካርዳኑ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ጥርስ (መንሸራተቻው) ደርቆ ነው፤ እንደ ልቡ መንሸራተት ሲያቅተው ይያዝና ድንገት ይለቃል። ግራሶ ይበቃዋል። ግራሶ ከተጠጣ በኋላ ድምፁ ከጠፋ ተገላገላችሁ፣ ስለዚህ ሻጩን ከመግዛታችሁ በፊት አስጠጣልን በሉት። ካልጠፋ የኋላውን አክስል የሚይዙትን ዘንጎች ጎሚኒ እዩ። ጎማዎቹም አራቱ እኩል መሆን አለባቸው። ሁለት አዲስ ሁለት ያለቀ ጎማ የታሰረበት ፕራዶ መሐል ዲፈረንሻሉ ያለ ዕረፍት ሲለፋ ነው የኖረው።

ሃይሉክስ በመሐላቸው ነው። ረጅሙ ደብል ጋቢና ካርዳኑ ብዙውን ጊዜ ለሁለት የተከፈለ ነው፣ መሐሉን በጎሚኒ የተሸፈነ ኩሽኔታ ይይዘዋል። ያ ጎሚኒ ሲቀደድ ከቆማችሁበት ስትነሱ ጓ ይላል፣ ቀጥሎም ወለሉ ይንቀጠቀጣል። በእጅ ወደ ላይ ስትገፉት ዘንጉ ብዙ ከዘለለ እሱ ነው። ጥገናው ከባድ አይደለም። ግን ሃይሉክስ ስትገዙ ምን ሲጭን እንደኖረ ጠይቁ። የኋላው ባሌስትራ ቅጠል ተጨምሮበት ከሆነ መልሱን አግኝታችኋል፤ እህልና ሲሚንቶ ተሸክሞ ዳገት የወጣ ዲፈረንሻል ነው ያለው። የኔው እንዲያ ነበር፣ እኔ ግን ቀለሙን ነበር የማየው።

አንድ የውሸት ጓም አለ። ሀርድቶፕና አብዛኛው ሃይሉክስ መሐል ዲፈረንሻል የላቸውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብታችሁ ብትዞሩ የፊቱና የኋላው ጎማ እኩል መንገድ ስለማይሄዱ መሐሉ ይወጠራል፣ ጓ ይላል፣ ማርሹም አልወጣም ይላል። ይህ ብልሽት አይደለም፣ አጠቃቀም ነው። ቀጥ ብላችሁ ትንሽ ወደኋላ ሂዱ፣ ይለቃል። ፈተናውን ጠጠር ላይ አድርጉት የምለውም ለዚህ ነው።

ለመንገድ ፈተና ከእኛ አገር የተሻለ የለም። ጠዋት በብርዱ አስነሱት፣ ዘይቱ ወፍራም ሳለ የሚሰማውን ስሙ። ከዚያ ወደ ጣርማበር ንዱ፣ ዋሻውን እለፉና ወደ ደብረ ሲና ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ ውረዱ። መንገዱ ሰፋ ሲልና ከኋላ መኪና ሳይኖር ነዳጁን ረገጥ ለቀቅ አድርጉ። መኪናው ከመሳብ ወደ መያዝ ሲቀየር አንድ ጓ ካለ ክፍተት አለ። ነዳጅ ስትረግጡ ወይም ስትለቁ ብቻ የሚያፏጭና የሚያለቅስ ድምፅ ካለ ግን ነገሩ ዲፈረንሻል ውስጥ ነው። ወደ ላይ ስትመለሱ ዘይቱ ሞቋል፣ ያኔ ድምፁ ከጨመረ ኩሽኔታ ጠርጥሩ።

ሻጩ ከፈቀደ የዲፈረንሻሉን ዘይት ጥቂት አፍስሱ። ማግኔት ያለው ብሎን ላይ ግራጫ ጭቃ የመሰለ ደቃቅ ነገር መኖሩ የተለመደ ነው። በጣት የሚለቀም የብረት ስባሪ ካለ አመስግናችሁ ሂዱ። ፈጽሞ አልፈቅድም ካለ ደግሞ እኔ ብሆን ያን መኪና አልገዛም።

ክሮቼራ ስታስቀይሩ ካርዳኑ ከመለያየቱ በፊት ሁለቱ ጫፎች ላይ ምልክት አስደርጉ። መንሸራተቻው ላይ አንድ ጥርስ ተሳስቶ ከገባ መኪናው ይንቀጠቀጣል፣ አዲሱ ክሮቼራም ቶሎ ያልቃል። ግራሶ ሲጠጣ ክሮቼራው በአራቱም ጫፍ አሮጌው እስኪወጣ ይጠጣ፤ መንሸራተቻው ላይ ግን ጥቂት ይበቃል፣ ከሞላ ዘንጉ ማጠር ያቅተውና ካምቢዮውን ይገፋል።

ለአክስቴ ልጅ ያልኩት ይህን ነው። ደብረ ብርሃንና አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር አስፋልት የምትመላለስ ቢሆን ፕራዶውን ግራሶ አስጠጥተህ ሞክረው እልህ ነበር። አንተ ግን መንዝ ነህ፤ ዝናብ አለ፣ ጭቃ አለ፣ ጋራዥ ሩቅ ነው። ሀርድቶፑን ምረጥ፣ ክሮቼራውና ጎሚኒው ከዋጋው ላይ ይቀነስ። ሃይሉክሱን ባሌስትራው ላይ ቅጠል ስለተጨመረበት ተወው። ሐሙስ ጠዋት እመጣለሁ፣ የፊቱን ቁልፍ አስረን ጠጠር ላይ እናዞረዋለን፤ ቀጭ ካለ ሀርድቶፑንም እንተወዋለን።