ለውድድር መም የሚሆን ቸርኬና ጎማ፦ ባለ 17፣ ባለ 18 ወይስ ባለ 19 ኢንች?

የስፖርት መኪናውን በውድድር መም ላይ ለመንዳት የወሰነ ሰው ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ ቸርኬ ይገዛል፤ ጎማውን የሚፈልገው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። አስፋልቱን የሚነካው ጎማው ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ሊወሰን የሚገባው የትኛው የመም ጎማ በምን ልክ እንደሚገኝ ነው፤ ቸርኬው ይህን ተከትሎ ይመረጣል። በእኔ እምነት ለአብዛኛው መኪና የሚበጀው ፍሬኑ የሚያሳልፈው ትንሹ ዲያሜትር ሲሆን፣ ወርዱ ደግሞ ጎማው በሚገባ ተዘርግቶ የሚቀመጥበት መሆን አለበት።

ወርዱ 255 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ በሦስት ልክ እንውሰድ፤ በጎማ ልክ የመጀመሪያው ቁጥር ወርዱ በሚሊ ሜትር፣ ከዝባዡ ቀጥሎ ያለው የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ የመጨረሻው ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 255/40 ባለ 17፣ 255/35 ባለ 18 እና 255/30 ባለ 19 ሙሉ ዲያሜትራቸው 636 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ቢቀየር የማርሹም ሆነ የፍጥነት መለኪያው ነገር አይለወጥም። የሚለወጠው የጎማው ጎን ቁመት ነው፤ በባለ 17ቱ 102፣ በባለ 18ቱ 89፣ በባለ 19ኙ ደግሞ 76.5 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ኩርባ ሲገባ ብዙ ስለማይተጣጠፍ ለመሪው ፈጥኖ ይታዘዛል፤ ባለ 19ኙ በዚህ ይበልጣል። ነገር ግን መኪናው በመሙ ዳር ያለውን ከፍታ በረገጠ ቁጥር ባለ 17ቱ በጎኑ የሚያለዝበው ምት በባለ 19ኙ ላይ በቀጥታ ወደ ቸርኬው ከንፈር ይደርሳል። ከዚህም በላይ ቸርኬው በተለቀ መጠን ብረቱ ከመሃል ይርቃል፤ ሁለት ቸርኬዎች በሚዛን እኩል ቢሆኑ እንኳ ክብደቱ ወደ ዳር የሆነው ለማሽከርከርም ለማቆምም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። በመም ላይ ጎማ ቶሎ ያልቃልና ዋጋውም ሊታሰብ ይገባል፤ ባለ 19 ጎማ አብዛኛውን ጊዜ ይወደዳል፣ ለመም የተሠሩ ለስላሳ ጎማዎችም በ17 እና በ18 ኢንች የተሻለ አማራጭ አላቸው።

ሆንዳ በሲቪክ ታይፕ አር ላይ ያደረገው ለውጥ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በ2017 የወጣው ሞዴል ባለ 20 ኢንች ቸርኬ ላይ 245/30 ጎማ ነበረው፤ በ2022 የመጣው ተተኪው ቸርኬውን ወደ 19 ኢንች አሳንሶ ጎማውን ወደ 265/30 አሰፋ። ዲያሜትር ቀንሶ ወርድ መጨመር ለመም የሚሻል አካሄድ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

እንግዲያው ሁሉም ሰው ባለ 17 ለምን አይገዛም? ምክንያቱ ፍሬን ነው። የፍሬን ዲስኩ 355 ሚሊ ሜትር አካባቢ ከደረሰ ብዙውን ጊዜ ከባለ 18 ያነሰ ቸርኬ አያሳልፈውም። ዲስኩ ትንሽ ቢሆንም ካሊፐሩ፣ ማለትም ዲስኩን ጨምቆ የሚይዘው የፍሬን ክፍል፣ ወፍራም ከሆነ የቸርኬውን ክንድ ሊነካ ስለሚችል፣ ከመግዛት በፊት በካሊፐሩ ላይ ጭቃ መሰል ለስላሳ ነገር ለጥፎ፣ ቸርኬውን አስሮና በእጅ አዙሮ የቀረውን ክፍተት መለካት ይገባል።

ሁለተኛው ምርጫ አራቱን እግር በአንድ ልክ ማድረግ ወይም የኋላውን ማስፋት ነው። ሞተሩ ከኋላ እግር በስተጀርባ የሆነው ፖርሽ 911 ጂቲ3፣ በ992 ትውልዱ፣ ከፊት 255/35 ባለ 20፣ ከኋላ 315/30 ባለ 21 ያደርጋል፤ ክብደቱ ከኋላ ስለሆነ ይህ ተገቢ ነው። ሞተሩ ከፊት በሆነ መኪና ላይ ግን ጠባብ የፊት ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚመረጠው መኪናው ከአቅሙ ሲያልፍ አስቀድሞ ፊቱ እንዲንሸራተት ነው፤ ይህም ለተራ ነጂ የሚያሰጋው ያነሰ ነው። ኢ46 የተባለው የቢኤምደብሊው ኤም3 በ18 ኢንች ከፊት 225/45፣ ከኋላ 255/40 ይዞ ይወጣ ነበር። በአራቱም እግር 255/35 ቢደረግ ፊቱ ይበልጥ ይይዛል፤ የፊትና የኋላ ጎማዎችን እያቀያየሩ ዕድሜያቸውን ማመጣጠንም ይቻላል። ዋጋው ግን አለ፤ የኋላው ዲያሜትር ከ661 ወደ 636 ሚሊ ሜትር ስለሚወርድ ማርሹ ወደ 4 በመቶ ያጥራል (በአንድ የጎማ ዙር የሚሄደው ርቀት ያንሳል)፣ የፍጥነት መለኪያውም ከእውነተኛው ፍጥነት በላይ ያነባል። እንዲህ ያለ ለውጥ ሲደረግ የፊትና የኋላ ዲያሜትር እንዳይራራቅ መጠንቀቅ ይገባል፤ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እና የመረጋጋት ሥርዓቱ የሚሠሩት የጎማዎቹን ፍጥነት እያነጻጸሩ ነውና።

በወርድ ረገድ 255 ጎማ ለ8.5 ኢንች ቸርኬ ይገባል፤ በ9 ወይም በ9.5 ኢንች ላይ ግን ጎኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም በኩርባ ይበልጥ ይጸናል። ብዙ ጎማዎች በትከሻቸው ላይ ትንሽ ባለ ሦስት ማዕዘን ምልክት አላቸው፤ ከጥቂት ዙር በኋላ መፋቁ ምልክቱን አልፎ ወደ ጎኑ ከወረደ ነፋሱ አንሷል፣ ቸርኬው ጠቧል ወይም የጎማው ወደ ውስጥ ማዘንበል አልበቃም ማለት ነው። ወርድ ማብዛትም ጉዳት አለው፤ እንደ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አንድ ቶን ገደማ የሚመዝን መኪና በጣም ሰፊ ጎማ ሲደረግለት ጎማው የሚፈልገውን ሙቀት ሳያገኝ ሊቀር ይችላል።

የቸርኬው ገባ ወይም ወጣ ማለት ከወርዱ መሃል እስከሚታሰርበት ገጽ ባለው ርቀት በሚሊ ሜትር የሚገለጽ ሲሆን (ቁጥሩ ሲያንስ ቸርኬው ወደ ውጭ ይወጣል)፣ ሻጮች ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚያልፉት እሱን ነው። ወርዱ 8 ኢንች፣ ይህ ርቀቱ 45 የሆነ ቸርኬ ወርዱ 9 ኢንች፣ ርቀቱ 35 በሆነ ቢተካ፣ የውጭው ከንፈር 22.7 ሚሊ ሜትር ወደ ፓራፋንጎው ሲወጣ የውስጡ 2.7 ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል። በመሃሉ ያለው ቀዳዳ ከመኪናው እምብርት ከሰፋ ልኩን የሚያስተካክል ቀለበት ይገባበታል፤ በመም ላይ የፍሬን ሙቀት ከፍተኛ ስለሆነም ከፕላስቲክ ይልቅ የአሉሚኒየም ቀለበት መምረጥ ይሻላል።